«ብሪስክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው ለመጠቀም

«ብሪስክ»ን «ፈጣን» ብሎ ብቻ የያዘ ተማሪ ግማሹን ይዟል። ቃሉ ፍጥነት አለበት፤ ነገር ግን ጥይት «ብሪስክ» አይባልም፣ ፈጣን ኢንተርኔትም «ብሪስክ» አይባልም፣ የመቶ ሜትር ሯጭም አይባልም። በሌላ በኩል ማንም የማይሮጥበት ገበያ፣ የማይንቀሳቀስ ሻይ፣ ቆማ የምታናግር ነርስ «ብሪስክ» ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን ቃል በአንድ የአማርኛ አቻ ማጥናት አያዋጣም። የሚያዋጣው ቃሉ የሚወዳቸውን ስሞች አንድ በአንድ ማወቅ፣ ከእያንዳንዱም ጋር ምን ማለት እንደሆነ መያዝ ነው።

የቃሉን ልብ ለማግኘት ሦስት ነገሮችን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከተለመደው ከፍ ያለ ግን ጣሪያ ያልነካ ፍጥነት። ሁለተኛ፣ ንቃትና ጉልበት፤ ድካም ወይም መሰልቸት የማይታይበት ሁኔታ። ሦስተኛ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አኳኋን፤ የሚባክን ጊዜ፣ የሚንዛዛ ቃል የለም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌላ ቃል ይሻላል። ፍጥነት ብቻ ካለ «ፋስት»፣ ንቃት ብቻ ካለ «ላይቭሊ»፣ ፍጥነት ኖሮ ቁጥጥር ከሌለ «ሄስቲ» ይሆናል። «ሄስቲ» የእኛ «ችኩል» ነው፤ «ብሪስክ» ግን በፍጹም ችኩል ማለት አይደለም። ይህን መለየት ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንዱ ምስጋና ሲሆን ሌላው ነቀፌታ ነው።

አነባበብ፣ አጻጻፍ፣ ቅርጾች

ቃሉ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው። አማርኛ ከለመዳቸው «ሪስክ» እና «ዲስክ» ጋር ቤት ይመታል። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው፤ በ«ብ» እና በ«ሪ» መካከል ትንሽ አናባቢ ይገባና «ቢሪስክ» ይሆናል፣ ቃሉም ሁለት ክፍለ ቃል ይሆናል። ማረሚያው ቀላል ነው። መጀመሪያ «ሪስክ» ይበሉ። ቀጥሎ ከንፈርን ገጥመው፣ ምላስዎን ለ«ሪ» አዘጋጅተው፣ ከንፈሩን ሲከፍቱ በቀጥታ «ሪስክ» ውስጥ ይግቡ። ምላስ ቀድሞ ከተዘጋጀ በመካከል አናባቢ የሚገባበት ጊዜ አይኖርም።

መጨረሻው ላይ ያለው «ክ» መሰማት አለበት፤ በተለይ «ብሪስክሊ» ሲባል። በፍጥነት ሲነገር «ብሪስሊ» ወደሚል ድምፅ ይንሸራተታል። ሲለማመዱ «ብሪስክ» ብለው ትንሽ ቆመው «ሊ» ይበሉ፤ ከዚያ መቆሙን እያሳጠሩ ይሂዱ።

ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ ቢ፣ አር፣ አይ፣ ኤስ፣ ኬ። መጨረሻው ላይ ሲ ወይም ኪው የሚጨምሩ አሉ፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ስልክና ኮምፒውተር በራሳቸው ከሚያስተካክሏቸው ቃላት መካከል «ብሪስኬት» ሊገባ ስለሚችል ከመላክ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ይገባል። «ብሪስኬት» የከብት የፍርምባ ሥጋ ነው፤ ከዚህ ቃል ጋር በትርጉም አይገናኝም።

ሲወዳደር «ብሪስከር»፣ ሲበላለጥ «ብሪስከስት» ይባላል። «ሞር ብሪስክ» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ አጭሩ ግን ይቀላል። ግስን የሚገልጸው ቅርጽ «ብሪስክሊ»፣ ስሙ «ብሪስክነስ» ነው። እንደ ግስ «ብሪስክ አፕ» የሚል አገባብም አለ፤ ማነቃቃት፣ መንቃት ማለት ነው። ብዙ ስለማይሰማ ሲያጋጥም ማወቁ ይበቃል፣ ራስዎ መጠቀም አያስፈልግዎትም።

ሁለት የሰዋስው ጉድለቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው «ዎክ ብሪስክ» ማለት ነው፤ ግሱን የሚገልጽ ስለሆነ «ዎክ ብሪስክሊ» መሆን አለበት። ሁለተኛው «ኤ» የሚለውን መስተኣምር መተው ነው። አማርኛ በዚህ ቦታ ምንም ስለማይጨምር «ቴክ ብሪስክ ዎክ» ብለን እንጽፋለን፤ ትክክሉ «ቴክ ኤ ብሪስክ ዎክ» ነው። ከ«ሴልስ» እና ከ«ዲማንድ» ፊት ግን «ኤ» አይገባም፤ «ብሪስክ ሴልስ»፣ «ብሪስክ ዲማንድ» ይባላል። «ብሪስክ» ራሱ «ኤ»ን አይጠራም፤ የሚወስነው የሚከተለው ስም ነው።

ብዙ ቅጽል ሲደረደር ቦታው ፊት ነው። «ኤ ብሪስክ ሞርኒንግ ዎክ» ይባላል እንጂ «ኤ ሞርኒንግ ብሪስክ ዎክ» አይባልም። ጊዜ ሲጨመር ግን ሁለት አማራጭ አለ፤ «ኤ ብሪስክ ተን ሚኒት ዎክ» እና «ተን ሚኒትስ ብሪስክ ዎክ»። ሁለቱም የአሥር ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ማለት ናቸው። ሁለተኛው «ተን ሚኒትስ» ላይ የባለቤትነት ምልክት የሆነችውን ጭረት ከኤስ በኋላ ይፈልጋል፤ እሷ ስትረሳ አረፍተ ነገሩ የተሰበረ ይመስላል።

አካሄድ፦ የቃሉ እውነተኛ ቤት

«ብሪስክ» ከሁሉም ስሞች ይበልጥ ከ«ዎክ» እና ከ«ፔስ» ጋር ይኖራል። «አት ኤ ብሪስክ ፔስ» ማለት ፈጠን ባለ እርምጃ ማለት ነው። በአማርኛ «ፈጠን ፈጠን እያሉ መራመድ» ቅርቡ ነው። «ሸርሸር ማለት» ተቃራኒው ነው፤ እንግሊዝኛው «ስትሮል» ይለዋል።

እዚህ ላይ ቃሉ ከስሜት አልፎ በቁጥር የሚለካ ሆኗል፤ ምክንያቱም የጤና ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የዚህ መካከለኛ ጫና የተለመደ ምሳሌ «ብሪስክ ዎኪንግ» ነው። ስለዚህ በጤና ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሐረግ «መራመድ» ብሎ ብቻ መተርጎም መልእክቱን ይሰብረዋል። አንባቢው በሱቅ መስኮቶች እየቆመ የሄደውን አንድ ሰዓት ይቆጥርለታል።

በቁጥር ሲገለጽ ለብዙ አዋቂዎች በደቂቃ 100 እርምጃ አካባቢ መነሻው ነው። ለመለካት ሰዓት ይያዙና 15 ሰከንድ ውስጥ የረገጡትን ይቁጠሩ። 25 ከሞላ «ብሪስክ» ውስጥ ገብተዋል። 130 አካባቢ ሲደርስ ለብዙ ሰው ከባድ ወደሚባለው ጫና እየተሻገረ ነው። በፍጥነት ሲታይ በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚለው መነሻ የተለመደ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ ሰው ግን እዚያ ፍጥነት ላይ ገና ሸርሸር እያለ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የንግግር ፈተና የሚሻለው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ አካሄዱ ለእርስዎ «ብሪስክ» ነው። መዝፈን ከቻሉ ዘግይተዋል፤ ሁለት ሦስት ቃል ብለው መተንፈስ ካስፈለገዎት ደግሞ አልፈውታል።

ይህ ልኬት በሌላም ቦታ ይጠቅማል። የሆቴል ወይም የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ከጣቢያው «ተን ሚኒትስ ብሪስክ ዎክ» ላይ ነው ሲል ርቀቱን በጥንቃቄ ማስላት ይገባል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር በሚሄድ እርምጃ አሥር ደቂቃ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣ ይዞ፣ ልጅ እጅ ይዞ፣ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ያው መንገድ 20 ደቂቃ ይወስዳል። «ብሪስክ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርቀቱን አሳጥሮ ያሳያል።

ከ«ዎክ» ሌላ «ትሮት» እና «ጆግ» ይቀበሉታል። «ራን» ግን ሲቀበለው ይቸገራል፤ ሩጫ ራሱ ፍጥነት ስለሆነ «ፋስት ራን» ወይም «ሃርድ ራን» ይሻላል።

ገበያ፦ «ደራ» ማለት

«ቢዝነስ ኢዝ ብሪስክ» የሚለው አረፍተ ነገር በአማርኛ አንድ ጥሩ አቻ አለው፤ «ገበያው ደርቷል»። እዚህ «ፈጣን ንግድ» ብሎ መተርጎም ትልቅ ስህተት ነው፤ አማርኛ አንባቢ «ፈጣን ንግድ» ሲል ስለ አቅርቦት ፍጥነት ያስባል። «ደራ» ግን ሰው መብዛቱን፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ መሸጡን፣ ሻጩ ፋታ ማጣቱን ሁሉ በአንድ ቃል ይይዛል፤ «ብሪስክ»ም የሚለው ይህንኑ ነው።

አገባቡ የተወሰነ ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ዱ ኤ ብሪስክ ትሬድ ኢን» ይባላል፣ በአሜሪካ ደግሞ «ዱ ኤ ብሪስክ ቢዝነስ ኢን» ይበዛል። ከ«ኢን» በኋላ የሚሸጠው ነገር ይገባል፤ ጃንጥላ፣ መጽሐፍ፣ ትኬት። «ኦፍ» ወይም «ዊዝ» ማስገባት አይሆንም። ጨረታ ላይ «ቢዲንግ ዎዝ ብሪስክ» ሲባል ተጫራቾቹ ዋጋ እየተቀባበሉ ቶሎ ቶሎ ጨመሩ ማለት ነው። ተቃራኒዎቹ «ስላክ» እና «ስላጊሽ» ናቸው፤ የእኛ «ቀዘቀዘ»።

የኢኮኖሚ ዜና የሚተረጉም ሰው አንድ ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ትሬዲንግ ዎዝ ብሪስክ» ሲባል ብዙ አክሲዮን እጅ ለእጅ ተለዋወጠ ማለት ነው፤ ዋጋ ጨመረ ማለት አይደለም። ዋጋ እየወደቀ ግብይቱ «ብሪስክ» ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ለመሸጥ ሲሽቀዳደም እንዲያውም በጣም «ብሪስክ» ይሆናል። «ደማቅ የግብይት ቀን» ብሎ መተርጎም አንባቢን ወደ ደስታ ይወስደዋል፤ «የተገበያየው አክሲዮን ብዙ ነበር» ማለት ይበቃል። «ብሪስክ ግሮውዝ» ግን ትክክለኛ ዕድገት ነው፤ «ፈጠን ያለ ዕድገት» ይባላል። ምን ያህል በመቶ እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ቁጥር ከሌለ ከራስ «ከፍተኛ» ወይም «ፈንጂ» የሚል ቃል መጨመር አይገባም።

አየርና ነፋስ

«ብሪስክ ዊንድ» ጠንከር ያለ ነፋስ ነው፤ ግን ቅዝቃዜ አብሮት አለ። በዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት አጠራር በሰዓት ከ15 እስከ 25 ማይል፣ ማለትም ከ24 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ አየሩ ለስላሳ ሲሆን «ብሪዚ»፣ ሲቀዘቅዝ «ብሪስክ» ይባላል። ፍጥነቱ አንድ ነው፣ የሚለየው ቅዝቃዜው ነው። ስለዚህ በሞቃት ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ «ብሪስክ» ማለት አንባቢን ካፖርት ያስለብሰዋል።

«ኤ ብሪስክ ሞርኒንግ» ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ፣ ፊትን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ግን ሰውን የሚያነቃ ማለዳ ነው። የሚያሠቃይ ብርድ አይደለም። አጥንት የሚሰብረው ብርድ «ቢተር» ወይም «ፍሪዚንግ» ነው። ከ«ክሪስፕ» ጋር ይቀራረባል፤ «ክሪስፕ» ሲባል አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ፣ ሰማዩም ንጹሕ ነው፤ ነፋስ አያስፈልገውም። «ብሪስክ» ሲባል እንቅስቃሴ አለ። በአማርኛ ሁለቱንም «ቀዝቃዛ» ብለን ብንተዋቸው ደስ የሚለው ገጽታ ይጠፋል፤ «ነቃ የሚያደርግ ቅዝቃዜ» ማለት ይሻላል።

ሰውና አነጋገር

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰውን የሚመለከት ስለሆነ። «ሺ ኢዝ ብሪስክ» ሲባል ቶሎ ትሮጣለች ማለት አይደለም። አኳኋኗ ቆፍጠን ያለ ነው፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ትገባለች፣ ወሬ አታበዛም ማለት ነው። «ብሪስክ ኤንድ ቢዝነስላይክ» የሚለው ጥምረት ይህን በደንብ ያሳያል። «ቆፍጣና» የሚለው ቃላችን ጥንካሬና ወታደራዊነት ትንሽ ይበዛበታል፤ «ቆፍጠን ያለ» ሲባል ግን ልኩን ያገኛል።

ይህ አገላለጽ ምስጋና ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ወቀሳም ሊሆን ይችላል። የቀዶ ሕክምና ክፍል አስተባባሪን «ብሪስክ» ማለት ያስመሰግናታል። ሐዘንተኛን የምታጽናና ሰው አነጋገሯ «ብሪስክ» ነበር ከተባለ ግን አልራራችም፣ ቶሎ ለመገላገል ፈለገች የሚል ትርጉም ይሰጣል። ወሳኙ ሁኔታው ነው፤ ሥራ በሚፈልግ ቦታ ጥሩ፣ ርኅራኄ በሚፈልግ ቦታ ቅዝቃዜ። «ኤ ብሪስክ ሪፕላይ» የሚለውንም እንዲሁ ያንብቡት፤ አጭርና ቀጥተኛ መልስ ነው፣ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ነው።

እዚህ ላይ «ብረስክ» ተብሎ ከሚነገረው፣ በብሪታንያ «ብሩስክ» ከሚባለው ሌላ ቃል ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ያኛው በቢ፣ በአር፣ በዩ፣ በኤስ፣ በኪው፣ በዩ፣ በኢ ይጻፋል፤ ትርጉሙ ሻካራ፣ ለአክብሮት ግድ የሌለው ማለት ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሁለቱ በፈረንሳይኛ በኩል ዘመዳሞች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ «ብሪስክ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ዝምድናው ቢኖርም ዛሬ መንገዳቸው ተለያይቷል። አለቃዎን «ብሪስክ» ቢሉት ላይከፋው ይችላል፤ «ብሩስክ» ካሉት በእርግጥ ይከፋዋል።

ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለድጋፍ ደብዳቤ «ብሪስክ»ን ሰው ላይ ባይጠቀሙ ይሻላል። «ቀልጣፋ ሠራተኛ ናት» ማለት ሲፈልጉ «ኢፊሸንት» ወይም «ኤነርጀቲክ» ጥያቄ አያስነሣም። «ብሪስክ» ግን አንባቢው ሙቀት የላትም ወይ ብሎ እንዲያስብ በር ይከፍታል።

ኅብረ ዜማ፣ ፊልም፣ ምድጃ

በሙዚቃ «ብሪስክ ቴምፖ» ሲባል አሌግሮ የሚባለው ዓይነት ፈጣንና ደስ ያለ ምት ነው። በመለኪያ መሣሪያ ላይ አሌግሮ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 ምት ጀምሮ ይቀመጣል። ቪቫቼ ከእሱ ይበልጥ ሕያው፣ ፕሬስቶ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው፤ ለፕሬስቶ «ብሪስክ» ያንሰዋል።

ፊልም ወይም መጽሐፍ ሲገመገም «ኤ ብሪስክ ናይንቲ ሚኒትስ» የሚል ሐረግ ያጋጥማል። ዘጠና ደቂቃ ሳይንዛዛ አለቀ ማለት ነው፤ ምስጋና ነው። «ብሪስክ ፔሲንግ» ከሆነ ታሪኩ አይጎተትም። «ኤ ቢት ቱ ብሪስክ» ከተባለ ግን ገጸ ባሕርያቱን ሳናውቃቸው አለፈ የሚል ቅሬታ አለበት።

በምግብ አሠራር ጽሑፍ «ስተር ብሪስክሊ» እና «ዊስክ ብሪስክሊ» በተደጋጋሚ ይታያሉ። ቶሎ ቶሎና በጉልበት፣ ሳያቋርጡ ማማሰል ወይም መምታት ማለት ነው። ለምን እንደተባለ ማወቁ ይረዳል፤ ዱቄት ትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ካልተማሰለ የውጪው ክፍል ቀድሞ ይበስልና እብጠት ይሠራል። ቀስ ብሎ ማማሰል አያድነውም። ተርጓሚ «በደንብ አማስሉ» ካለ ፍጥነቱ ይጠፋል፣ «በፍጥነት አማስሉ» ካለ ጉልበቱ ይጠፋል፤ «ቶሎ ቶሎ ጠንከር አድርጋችሁ አማስሉ» ሁለቱንም ይይዛል።

መኪና የሚገመግሙ ሰዎች «አክስለሬሽን ኢዝ ብሪስክ» ይላሉ። መኪናው ሲረገጥ ሳይዘገይ ይነሣል ማለት ነው እንጂ የመጨረሻ ፍጥነቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። የውድድር መኪና ሲሆን ይህ አነጋገር እንዲያውም ዝቅ ማድረግ ይመስላል።

ሻይ

በሻይ ቀማሾች ዘንድ «ብሪስክ» የሙያ ቃል ነው፤ ከፍጥነት ጋር ምንም አያገናኘውም። ጥቁር ሻይ ሲቀመስ ምላስንና ድድን ያዝ የሚያደርግ፣ አፍን የሚያነቃ፣ ግን የማይመር ጣዕም ሲኖረው «ብሪስክ» ይባላል። ተቃራኒው «ፍላት» ነው፤ ሕይወት የሌለው፣ ውሃ ውሃ የሚል።

ይህን ጣዕም ከሚሰጡት ውስጥ ዋናዎቹ ቲያፍላቪን የሚባሉት ውሕዶች ናቸው። ቅጠሉ ከተፈጨ በኋላ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ይፈጠራሉ፤ ሂደቱ ሲረዝም ግን ወደ ሌላ ዓይነት ውሕድ እየተለወጡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የቆየ ቅጠል ቀለሙ ይጠቁራል፣ ያዝ ማድረጉ ይቀንሳል። እርጥበት የገባበት ሻይም «ፍላት» ይሆናል። ወተት ሲጨመር ፕሮቲኑ ያዝ የሚያደርጉትን ውሕዶች ስለሚይዛቸው ጣዕሙ ይለሰልሳል፤ ቀማሽ «ብሪስክ» የሆነ ሻይ ወተት ይችላል የሚለው ለዚህ ነው። በሻይ ማሸጊያ ላይ ቃሉን «ፈጣን ሻይ» ብሎ የተረጎመ ሰው በቶሎ የሚፈላ ሻይ ብሎ እንዳሳሰበ ይወቅ።

ከጎረቤት ቃላት መለየት

«ክዊክ» ጊዜው ማጠሩን ይናገራል። «ኤ ክዊክ ዎክ» በሁለት ደቂቃ ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ እርምጃው ግን ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። «ኤ ብሪስክ ዎክ» ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ እርምጃው ግን ፈጣን ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ብዙ አተረፈ። «ራፒድ» የለውጥን ፍጥነት ይገልጻል፤ የልብ ምት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የበሽታ መስፋፋት። በሽታ በ«ብሪስክ» አይስፋፋም፤ ቃሉ ደስ የሚል ጤናማነት ስላለበት መጥፎ ነገር ላይ ሲቀመጥ ያስደነግጣል። «ስዊፍት» ያለ መዘግየት መድረስ ነው፤ ለውሳኔና ለእርምጃ ይስማማል።

«ኒምብል» የጣትና የእግር ቅልጥፍና ነው፤ የሚሰፋ እጅ፣ ገደል የሚወጣ ፍየል። «አጃይል» ሰውነትን ወይም ሐሳብን ቶሎ ማዞር መቻል ነው። «ስፕራይ» እና «ስፕራይትሊ» በዕድሜ የገፋ ሰው አሁንም ጠንካራና ንቁ መሆኑን ይናገራሉ፤ በተለይ «ስፕራይ» ለሠላሳ ዓመት ሰው ከተባለ ግራ ያጋባል። ለአረጋዊ ሰው ፊት ለፊት ሲነገርም «በዚህ ዕድሜህ» የሚል ነገር ስላለበት መጠንቀቅ ይገባል።

ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ ለሚሄድ ሰው «ቀልጣፋ» ከሁሉም የሚያሳስተው ቃል ነው። ቀልጣፋ አገልግሎት «ፕሮምፕት» ወይም «ኢፊሸንት ሰርቪስ» ነው። ቀልጣፋ ጣት «ኒምብል» ነው። ቀልጣፋ ልጅ እንደ ሁኔታው «ክዊክ» ወይም «ብራይት» ነው። ቀልጠፍ ያለ እርምጃ ሲሆን ብቻ «ብሪስክ» ይመጣል።

ሲጠራጠሩ የሚያደርጉት

ቃሉ ይግባ አይግባ ካላወቁ ተቃራኒውን ይሞክሩ። ስሙን ይያዙና በፊቱ «ስላጊሽ» ወይም «ሌዠርሊ» ያስገቡ። «ሌዠርሊ ዎክ» ይባላል፤ ስለዚህ «ብሪስክ ዎክ» ይሠራል። «ስላጊሽ ሴልስ» ይባላል፤ «ብሪስክ ሴልስ»ም ይሠራል። «ሌዠርሊ ቡሌት» ግን አይባልም፤ ጥይት ዘና ማለት አይችልምና ነቃ ሊልም አይችልም። ፈተናው ሁልጊዜ አይደለም እንጂ ብዙ ጊዜ ያድናል። የሚያመልጠው «ስላጊሽ ኢንተርኔት» ላይ ነው፤ ይህ ሐረግ አለ፣ «ብሪስክ ኢንተርኔት» ግን አልተለመደም። ለመሣሪያና ለመስመር ፍጥነት «ፋስት»ን ይያዙ።

ለመለማመድ ሐረጎቹን በስማቸው ቡድን ከፍለው ይጻፉ፤ አካሄድ፣ ገበያ፣ አየር፣ አነጋገር። ለእያንዳንዱ ሁለት አረፍተ ነገር ይሥሩ፤ አንዱ «ብሪስክ» ያለበት፣ ሌላው በዚያው ቦታ ተቃራኒው ያለበት። ከዚያ ሁለቱንም ወደ አማርኛ ይመልሱ። አራቱም ቡድን ላይ «ፈጣን» ብቻ ከመጣልዎት ገና ነው፤ «ፈጠን ያለ»፣ «ደራ»፣ «ነቃ የሚያደርግ»፣ «ቆፍጠን ያለ» እያሉ ከተለያዩልዎት ገብቶዎታል። በጽሑፍ ሲጠቀሙበት በአንድ ገጽ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ድምፁ ስለሚጎላ ሁለተኛው ወዲያው ይታወቃል።